ማንአልሞሽና የባሕሩ ድንጋይ

ማንአልሞሽ ጥቁር ከለበሰች አራተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል ላይ ባለ አንድ ሆቴል አብረን አልጋ እናነጥፋለን፤ የሠራተኛው ልብስ ሰማያዊ ነው። እሷ ግን ከሰማያዊው ሥር እጅጌው እስከ መዳፏ የሚወርድ ጥቁር ሹራብ ታደርጋለች፤ ሻሿም ጥቁር ነው። ተቆጣጣሪያችን ሦስት ጊዜ ጠርታ ለእንግዶች ደስ እንደማይል ነግራታለች። ማንአልሞሽም ሦስት ጊዜ ራሷን ነቅንቃ፣ በማግስቱ ያንኑ ሹራብ ለብሳ መጥታለች። በሆቴሉ ውስጥ እንደ እሷ አንሶላ የሚወጥር ስለሌለ በመጨረሻ ተወቻት።

ለወንድም አንድ ዓመት ይበቃል ያላት ሰው ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዘው ይመክሯታል፤ ሟቹም አይወድልሽም ይሏታል። እሷ ታዲያ፣ "ይርጉ የሚወደውንና የማይወደውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ" ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

እኔ ሮማነወርቅ እባላለሁ። ቢከን ሂል ላይ አንድ ቤት ውስጥ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ እንኖራለን። እውነቱን ለመናገር ቂም የሚይዝ ሰው ደስ ይለኛል። እሑድ ተቃቅፎ ይቅር ተባባልን ያለው ሰው፣ ሰኞ ስልክ ላይ ተጥዶ ሲማማ ጆሮዬ ሰልችቶታል። ማንአልሞሽ እንደዚያ አይደለችም። የያዘችውን አትለቅም፤ የማትለቀውም በቂ ምክንያት ስላላት ነው።

በፈረንጆቹ 1982 ካርቱም ውስጥ እሷና ታናሽ ወንድሟ ይርጉ ወደ አሜሪካ ለመምጣት አንድ ጠረጴዛ ፊት ቀረቡ። ጠያቂው ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚው ግን ወልደ ሥላሴ የሚባል እንደነሱ ስደተኛ የሆነ የአገራቸው ሰው ነበር። ይርጉ ወታደር ነበርክ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። "ከገበያ አፍሰው ወሰዱኝ፤ ስምንት ወር ሳይሞላኝ ጠፍቼ መጣሁ" አለ። ማንአልሞሽ አጠገቡ ተቀምጣ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። ወልደ ሥላሴ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን ምን እንዳለ እሷም ይርጉም ማወቅ አልቻሉም፤ ቋንቋውን አያውቁትም። የእሷ ጉዳይ አለፈ፣ የእሱ ቀረ። አንቺ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ ብሎ ሸኛት። በዓመቱ ገዳሪፍ ላይ ወባ ገደለው። ማን እንደቀበረው፣ የት እንደቀበሩት እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ዕቃው በሰው በሰው ዞሮ ሲያትል ሲደርስ አንድ ጋቢ፣ አንድ መላጫና አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነበር። ወረቀቱን ያነበቡላት ጋሼ ሳህሌ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ ሳሉ የታሪክ መምህር የነበሩ፣ እዚህ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሽማግሌ። ወረቀቱ፣ አመልካቹ ወደ ሠራዊቱ የገባው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን ስለተናገረ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል ይላል። ማንአልሞሽ አላለቀሰችም። "በገዛ ፈቃዱ የሚለው የቱ ጋ ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። በጣታቸው አሳዩአት። በሳምንቱ እንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገበች።

እኔ ለሥራ መስሎኝ ነበር። ግን ለአራት ዓመት አንድም ቀን ሳታቋርጥ ተምራ፣ ሰው ፊት እንግሊዝኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ተቆጣጣሪያችን ስትናገራት ራሷን ትነቀንቃለች፤ የቀረውን እኔ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ እመልስላታለሁ። ትምህርቱ አልገባ ብሏት ይሆናል እያልኩ አዝንላት ነበር።

በ1987 ነሐሴ ላይ ጋሼ ሳህሌ የማኅበሩን የበጋ ጉዞ ወደ ካናዳ አደረጉት። እሳቸው ሐውልት ካዩ ቫኑን አቁመው ጽሑፉን ሳይተረጉሙ የማያልፉ ሰው ናቸው። "ትንሽ ከተማ ናት። ምሽጉም፣ መድፉም፣ የወታደር መቃብሩም በእግር ይዳረሳል" አሉን። ይሄ አልገረመኝም። የገረመኝ ማንአልሞሽ ካልመጣች ጉዞው ይቀራል ማለታቸው ነው። ሦስት ጊዜ ቤቷ ድረስ መጥተው ለመኗት። ሽማግሌ ደጅ ሲመላለስ ነገር አለው፤ ግን ምን እንደሆነ አልደረስኩበትም።

ጎህ ሲቀድ ተነሥተን፣ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ቫን ታጭቀን፣ ድንበር ላይ ግሪን ካርዳችንን አሳይተን፣ ጀልባ ተሳፍረን እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ከተማዋ አንድ መንገድ ናት፤ መንገዱ ሲያልቅ ባሕር፣ ባሕሩ ላይ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ምሽግ። ጋሼ ሳህሌ ቫኑን ፓርክ አድርገው ኮፍያቸውን አስተካክለው ከፊት ቀደሙ።

መጀመሪያ ያየነው መድፎቹን ነው። ሦስት ናቸው፣ አፋቸው ወደ ባሕር ነው። ጋሼ ሳህሌ ጽሑፉን ተረጎሙልን፤ ጠላት በመርከብ ይመጣል ተብሎ የተተከሉ ናቸው፣ ጠላቱ ግን አልመጣም፣ አንድ ቀንም አልተኮሱም።

"ሶ፣ ተኩሶ የማያውቅ መድፍ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ የመጣነው?" አልኩ።

ማንአልሞሽ መድፉን ዳሰሰችው። "መቶ ዓመት ሙሉ አነጣጥሮ መቆምም ቀላል አይደለም" አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ይሄኔ ነው ከባሕሩ ዳር በሚወጣው ደረጃ ላይ አንድ ሰው ብቅ ያለው። የምሽጉ ሠራተኞች የሚለብሱትን አረንጓዴ ልብስ ለብሷል፤ ማጅራቱ ላይ የሕፃን ልጅ ያህል ድንጋይ ተሸክሟል። ጎንበስ ብሎ መጣና ማንአልሞሽ እግር ሥር ተንበረከከ።

"እህቴ ማንአልሞሽ፣ በድዬሻለሁ። ስለ ወላዲተ አምላክ ብለሽ ማሪኝ" አለ።

ከስቷል፣ ሸብቷል። እሷ ግን ወዲያው አወቀችው። ወልደ ሥላሴ ነው።

ጋሼ ሳህሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እዚህ እንደሚሠራ ከሰማሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ይሄን እርቅ ራሱ ነው የለመነኝ። ሣር ያጭዳል፣ በር ይከፍታል፣ ሌላ ሰው የለውም። እንግዲህ እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ እግርሽ ላይ ወድቋል። አውርጂለት።"

ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳይ ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ያን ጊዜ እልል ይባላል። ይቅር ሳይባል ድንጋዩን ራሱ ቢያስቀምጥ ግን ልመናው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከእኛም መሀል እልልታውን አፋቸው ላይ አድርገው የቆሙ ሴቶች ነበሩ።

ማንአልሞሽ አየችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ጋሼ ሳህሌ፣ ጉብኝቱ አልቋል እንዴ?"

"አይ፣ ገና ነው። ግን..."

"እንግዲያው እንቀጥል" አለችና መንገድ ጀመረች።

ወልደ ሥላሴ እየተንገዳገደ ተነሣና ተከተላት። ሌላ ምን ያድርግ?

እኔ እንደዚያ ቀን ጉብኝት ወድጄ አላውቅም። ማንአልሞሽ ከዚህ በፊት ጋሼ ሳህሌ አንድ ሐውልት ሲተረጉሙ ቫኑ ውስጥ የምትተኛ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን አንድም ጽሑፍ አላመለጣትም። "ጋሼ፣ ይሄስ ምን ይላል?" ትላለች። እሳቸውም የታሪክ ነገር ሲሆን አንጀታቸው አይችልም፣ ይጀምራሉ፤ ከጀመሩ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር ይቆጥራሉ። እሱ ከኋላችን ድንጋዩን ተሸክሞ ይጠብቃል። የባሩድ ማከማቻው ከመሬት በታች ነው፣ በሩ ዝቅተኛ ነው። እሷ ገባች፤ እሱም በርከክ ብሎ እየዳኸ ገባ። ውስጡ ምንም የለም፣ ባዶ ግድግዳ ነው። እዚያ ባዶ ግድግዳ ፊት ብዙ ቆመች።

ፈረንጆቹ ጎብኚዎች ደስ አላቸው። የምሽጉ ትርኢት መስሏቸው ፎቶ ያነሡት ጀመር። አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ሰውየው ምን ሆኖ ነው አለኝ። ጥፋት ያጠፋ ወታደር ነው፣ ድሮ እንዲህ ነበር የሚቀጡት አልኩት። በጣም አመሰገነኝ።

የወታደሮቹ ማደሪያ ውስጥ የብረት አልጋዎች ተደርድረዋል። ማንአልሞሽ የአንዱን ብርድ ልብስ ጫፍ ይዛ አስተጣጠፉን እያየች፣ ሳትዞር "ለምን?" አለችው። ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችው ያን ጊዜ ነው።

ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፎ መለሰላት። "ታላቅ ወንድሜን ወታደሮች በራችን ላይ ገደሉት። እናቴ እያየች። ከዚያ ወዲህ ወታደር ነበርኩ የሚል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። አፍሰው ወሰዱኝ ማለቱን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልሽም። ሰምቼ ነው የተውኩት።"

"ወንድምህን የገደለው ይርጉ ነው?"

"አይደለም።"

"ያን ቀንስ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለ።

እሷም ብርድ ልብሱን ለቀቀችና፣ "ጋሼ፣ ከኮረብታው ላይ የመብራት ማማ አለ ብለውን አልነበር?" ብላ ወጣች። ማማው ሰባ ሁለት ደረጃ አለው። እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ሲወርዱ ከወልደ ሥላሴ አንገት ደም መጥቶ ኮሌታውን አርሶታል። ከመሀላችን አንዳንዶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ጋሼ ሳህሌ ተቆጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲቆጡ አላየኋቸውም።

"ይበቃል ልጄ። ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ይሄ እርቅ ነው ወይስ ሰው መግደል ነው?"

"ክርስቲያን ነኝ ጋሼ። መቃብሩ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱን ልይና እመጣለሁ። እርስዎ ሰዉን ይዘው ይቅደሙ።"

ምናልባት ብቻዋን ስትሆን ልቧ ይራራ ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ፣ ሰዉን ሰብስበው ወደ ቫኑ ሄዱ። እኔን ግን እጄን ይዛ አስቀረችኝ። "አንቺ ምስክር ሁኚኝ" አለችኝ።

የወታደሮቹ መቃብር ባሕሩን የሚያይ ሜዳ ላይ ነው። ነጫጭ ድንጋዮች ተሰልፈዋል፤ ሣሩ የታጨደ ነው፣ ያጨደውም ወልደ ሥላሴ መሆኑ ነው። ማንአልሞሽ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች አነበበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስም፣ ማዕረግ፣ ዕድሜ። ይሄኔ ነው እንግሊዝኛው ሁሉ እንደሚገባት የገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ ጋሼ ሳህሌን ስታስተረጉም የዋለችው አንዱም ሳይጠፋት ነበር።

"ሁሉም ስም አለው" አለች። "ይሄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ይርጉም ሃያ ሁለት ነበር።"

ወልደ ሥላሴ ተንበረከከ። "ማሪኝ" አለ።

ምን ልትመልስለት እንደነበር አላውቅም። አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። ግን በዚያው ቅጽበት የምሽጉ ኃላፊ በትንሽ መኪና መጣ። ትልቅ ፂም ያለው ሰውዬ ነው። ሠራተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ጎብኚ ፊት ተንበርክኳል ብሎ ሰው ነግሮት ነው የመጣው። ምንም ሳይጠይቅ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

ሲያነሣው ከሥሩ ያለውን እኔም ማንአልሞሽም አየን። ነጫጭ የባሕር ቅርፊት ተጣብቆበታል፤ ወልደ ሥላሴን ያደማው እሱ ነው። አረንጓዴ የባሕር ሣርም ነበረበት። ወልደ ሥላሴ ከምሽጉ ግንብ አንዲት ጠጠር እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ከባሕሩ ዳር የመረጠው ድንጋይ ነው። ኃላፊው ግን ያን ፊቱን አላየውም፤ በእሱ በኩል ደፍቶ አስቀመጠው።

በዚያ በጋ ጎብኚው ከግንቡ ድንጋይ እየነቀለ አስቸግሯቸው ኖሯል። ሠራተኛ ቢነካ ደግሞ በዚያው ቀን ከሥራ ይባረራል። ኃላፊው ይህን በቁጣ ተናገረና ወደ ማንአልሞሽ ዞረ። ጥቁር ለብሳ፣ ዝም ብላ የቆመች ሴት ናት፤ ቋንቋ ታውቃለች ብሎ አልገመተም። ወልደ ሥላሴን፣ ድንጋዩን ከየት እንዳመጣኸው አይታ እንደሆነ ጠይቃት አለው።

ወልደ ሥላሴ ተነሣ። አንገቱን ማቅናት አቅቶት፣ መሬት መሬት እያየ በአማርኛ፣ "ድንጋዩን ከየት እንዳመጣሁት አይተሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል" አላት።

ማንአልሞሽ ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች።

"ከግንቡ ነቅሎ ነው ያመጣው በለው። በዓይኔ አይቻለሁ በለው። ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ ነው በለው።"

ወልደ ሥላሴ ወደ ኃላፊው ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከግንቡ ነቅዬ እንዳመጣሁት ትናገራለች፤ በዓይኗ አይታለች፤ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ነው ትላለች፣ አለ። አንዲት ቃል አልጣለም፣ አንዲት ቃል አልጨመረም። የእኔ እንግሊዝኛ እንኳን ተከታትሎታል። ማንአልሞሽ ደግሞ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ትቆጥርበት ነበር።

"እውነት ነው?" አለው ኃላፊው።

"እሷ ያለችው ይህን ነው" አለ ወልደ ሥላሴ። "የጠየቅኸኝ እንድተረጉም ነው፤ ተርጉሜያለሁ።"

ኃላፊው መዳፉን ዘረጋ። ወልደ ሥላሴ ከቀበቶው ቁልፎቹን ፈትቶ ሰጠው። ድንጋዩ እግሬ አጠገብ ነበር፤ በጫማዬ ጫፍ ገፋ ባደርገው ይገለበጥ ነበር። አልገፋሁትም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ኃላፊው ድንጋዩንም ቁልፎቹንም መኪናው ላይ ጭኖ፣ ወልደ ሥላሴን አስቀምጦ ወሰደው።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ማንም አላናገራትም። ጋሼ ሳህሌ ነገሩን ከእኔ ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት።

ዳቦውን እንደያዘችው ሲያትል ደረስን።

ሰኞ ሥራ ገባን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እሷ ያነጠፈችውን አልጋ አየሁና ቆምኩ። አንሶላው ረግቧል። በዚያ ሆቴል የማንአልሞሽ አንሶላ ሲረግብ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ተቆጣጣሪያችን ጠርታ አሳየቻት፤ ማንአልሞሽም ራሷን ነቀነቀች።

ረቡዕ ከሥራ እንደተመለስን ወደ እኔ ቤት ወጣች። እጇ ላይ ከምሽጉ በር ያነሣችው የጎብኚዎች ወረቀት አለ፤ ከታቹ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል።

"በአንቺ ስልክ ኮል ላድርግ" አለች።

"አድርጊ። ማን ጋ ነው?"

አልመለሰችልኝም። ቆማ ደወለች። ኃላፊውን አገናኙኝ አለች፤ በእንግሊዝኛ። አራት ዓመት ስታጠራቅመው የኖረችውን እንግሊዝኛ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቀስ ይላል፣ ግን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ቃል አይደነቃቀፍም።

"ማንአልሞሽ እባላለሁ" አለችው። "ቅዳሜ መቃብሩ ዘንድ ያገኘኸኝ ጥቁር የለበስኩት ሴትዮ ነኝ። አስተርጓሚው በትክክል ነው የተረጎመልህ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ቢሮህ ካለ ገልብጠህ ሥሩን እየው። እጠብቃለሁ።"

ጠበቀች። ከስልኩ ማዶ ወንበር ሲገፋ፣ አንድ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲንከባለል እኔም ሰማሁ። ሰውየው ተመልሶ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷ አመስግናው ስልኩን ዘጋች። ወልደ ሥላሴን በማግስቱ ሥራው ላይ እንደሚመልሰው ነግሯት ነበር።

ተናደድኩ። የእኔ ቂም ይመስል ጮኽኩባት። "ምን ነካሽ? አራት ዓመት ጠብቀሽ፣ እግዚአብሔር እግርሽ ሥር ጥሎልሽ፣ እንዲህ መልሰሽ ልታነሺው ነው?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ሲተረጉም ሰምተሽዋል?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"የጣለው ቃል አለ?"

"የለም" አልኩ።

"እኔ በሰው ነፍስ ላይ ዋሸሁ። እሱ ውሸቴን በገዛ ራሱ ላይ አስተካክሎ ተረጎመ። ሶ፣ እዚያ መቃብር ላይ ወልደ ሥላሴ የሆነው ማነው?"

እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"ሦስት ቀን አንሶላ መወጠር ያቃተኝ በዚህ ነው" አለች። "ከእሱ ጋር እኩል መሆን አልፈልግም፣ ሮማን። ከእሱ በታች መሆንማ ጭራሽ።"

"ኦኬ። ስለዚህ ይቅር ብለሽዋል ማለት ነው?"

ማንአልሞሽ ተነሣች። የጥቁር ሹራቧን እጅጌ እስከ መዳፏ ስባ፣ በሩን ከፍታ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

"ድንጋዩን ያወረደለት ፈረንጁ ነው" አለች። "እኔ አውርድ አላልኩትም።"